ሃርድቶፕ ላይ ሁለተኛ ባትሪ የት ይግባ? ኮምቦልቻ ላይ የሰራነው ስራ ከነስህተቱ

ነገሩ የጀመረው ታህሳስ ላይ ከኩታበር ወዲያ ባለ አንድ ደጋ ቀበሌ ውስጥ ነው። መኪናዋ ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ ናት፣ ያቺ 4.2 ሊትር ባለ 6 ሲሊንደር 1ኤችዜድ የናፍጣ ሞተር ያላት፣ ባለቤቷ ደግሞ በግሏ የምትሰራ የእንስሳት ሐኪም ናት። ቤቷ ኮምቦልቻ ሆኖ አንዱን ሳምንት በባቲ አርጋ ወደ ቆላው ትወርዳለች፣ ሌላውን ሳምንት ሐረጎን ወጥታ ደሴን አልፋ ደጋ ትገባለች። ከኋላ 45 ሊትር የሚይዝ በ12 ቮልት የሚሰራ ባለ ኮምፕሬሰር ፍሪጅ ጭናለች፣ ውስጡ ደስታ መሰል ለሚባለው የበግና የፍየል በሽታ የሚሰጠው ክትባት አለ ሌላም ሌላም አለ፣ ይሄ ነገር ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ ካልቆየ ጉልበቱን ያጣል፣ ያኔ ገበሬው ፍየሉን ጎትቶ ስንት ሰአት ተጉዞ መጥቶ የማይሰራ መድሃኒት አስወግቶ ተመለሰ ማለት ነው።

እዛ ቀበሌ ሁለት ቀን አንድ ቦታ ቆመው ሲከትቡ ፍሪጁ ከዋናው ባትሪ ሲጠጣ ሰነበተ፣ ማታ ደግሞ የውስጥ መብራትና የስልክ ቻርጅ ተጨመረ፣ በሶስተኛው ቀን ጠዋት ውርጭ ወርዶ መሬቱ ነጭ ሆኗል፣ ሞተሪኖው ጢክ አለ፣ ቀጥ። ናፍጣ ሞተር ደግሞ ታውቃላችሁ፣ ብርድ ላይ መጀመሪያ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ ራሳቸው ብዙ አምፔር ይስባሉ፣ ባትሪ ደግሞ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይወርዳል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ሲመጡበት ግማሽ የቀረው ባትሪ ባዶ እንደሆነ ቁጠሩት። የቀበሌው ሰው ተጠርቶ ገፍቶ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ተነሳች። የዛን ቀን ክትባቱ ተርፏል፣ ብርዱ ራሱ ጠብቆታል።

ጉዳቱ የመጣው በሚቀጥለው ጉዞ ነው። ሹፌሩ፣ እኛ ጋራዥ ጋሼ ነው ምንላቸው፣ ጠንቃቃ ሰው ናቸው፣ ከባቲ ወዲያ ቆላ ሲያድሩ መኪናዋ እንደገና አልነሳም እንዳትላቸው ፈርተው ማታ ፍሪጁን አጠፉት። ሲነጋ ቴርሞሜትሩ 19 ላይ ቆሟል። ሙሉው ክትባት ተጣለ። ዶክተሯ ይሄን ስትነግረኝ እሳቸው ጎን ቆመው አንገታቸውን ደፍተው ነበር፣ እኔ ግን እሳቸው ላይ ጥፋት አላየሁም፣ በአንድ ባትሪ ላይ ሁለት ስራ ከተጫነ ሹፌር ከሁለት አንዱን መምረጡ የግድ ነው፣ ወይ ሞተሩ ወይ ፍሪጁ።

«ሁለተኛ ባትሪ አስገባልኝ፣ ግን ያለፈው አይነት እንዳይሆን» አለችኝ።

ያለፈው የምትለው ኮፈኑን ስከፍት ገባኝ። ከአንድ አመት በፊት ሌላ ቦታ ተሰርቶላት ነበር። በፓራፋንጎው፣ ማለትም በጎማው መከለያ፣ የውስጥ ላሜራ ላይ ቀጭን የብረት መደርደሪያ በይደው ባትሪ አስቀምጠውበት፣ ኮሮኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ ላሜራው ከብየዳው ጥግ ተነስቶ የእጅ ጣት ርዝመት ያህል ተሰንጥቋል። ባትሪው ያን ጊዜውኑ ወርዶ ተሽጧል። ገመዱ ግን አሁንም ተንጠልጥሏል፣ የቤት ኤሌክትሪክ ገመድ ነው፣ 6 ካሬ ሚሊ፣ ፊውዝ የለው ምን የለው፣ ከዋናው ባትሪ ጋር በቀጥታ የታሰረ። ማን እንደሰራው አያስፈልግም፣ ስህተቱ ግን ብዙ ቦታ ያየሁት ስለሆነ ነው በደንብ የምጽፈው፣ ክፍት ቦታ ታየ፣ ባትሪው ገባ፣ ኮፈኑ ተዘጋ፣ አለቀ። መግባቱ ብቻ ነው የታየው፣ ባትሪው እዛ ቦታ እንዴት ይኖራል የሚለውን ማንም አልጠየቀም።

እኔ ቦታ ከመፈለጌ በፊት የባትሪውን መጠን በአምፔር አወር፣ ማለትም ስንት አምፔር ለስንት ሰአት እንደሚሰጥ፣ ነው ያወጣሁት፣ ምክንያቱም 70 አምፔር አወሩና 100 አምፔር አወሩ በርዝመትም በክብደትም ስለሚለያዩ ቦታውን የሚወስነው እሱ ነው። ፍሪጁን ጋራዥ ውስጥ አንድ ሙሉ ቀን አስነስተን ለካነው። ኮምፕሬሰሩ ሲዞር 4.5 አምፔር ይስባል፣ በኮምቦልቻ አየር ከሰአቱ አንድ ሶስተኛውን ነው የሚዞረው፣ ስለዚ በአማካይ 1.5 አምፔር፣ በ24 ሰአት 36 አምፔር አወር። ቆላ ላይ ግማሹን ሰአት ይዞራል ብለን ከያዝን 54 ይሆናል። እርሳስ ባትሪ ደግሞ ከግማሽ በታች ደጋግሞ ከወረደ እድሜው ስለሚያጥር 100 አምፔር አወር ካለው ላይ 50ውን ብቻ ነው ያለኝ ብዬ ነው የማስበው። ቆላ ላይ አመሻሽ ቆመው እስከ ጠዋት 14 ሰአት ቢቆጠር ወደ 31 ይበላል፣ ይበቃል። በ70ው ግን ግማሹ 35 ስለሆነ አፍንጫው ላይ ነው፣ ትንሽ ካረጀ አይበቃም። 100ው ላይ ተስማማን። አይነቱ ኤጂኤም፣ ማለትም አሲዱ ፈሳሽ ሆኖ የማይንቀሳቀስ የተዘጋ ባትሪ፣ የሶላር እቃ ከሚሸጡት ዘንድ ይገኛል። ርዝመቱ 33 ሳንቲ፣ ወርዱ 17፣ ከፍታው ከነተርሚናሉ 22፣ ክብደቱ ወደ 30 ኪሎ።

ከዛ ባትሪውን ሳንገዛ የካርቶን ባትሪ ሰራን። የቴሌቪዥን ካርቶን ቆርጠን በልኩ አጣጥፈን በፕላስተር አጣብቀን፣ ተርሚናሎቹ ቦታ ሁለት የጠርሙስ ክዳን ለጥፈን። ይሄን ስሩ ብዬ ለሁሉም እመክራለሁ፣ 30 ኪሎ እቃ ይዞ ከኮፈን ወደ ወንበር ስር እየተንፏቀቁ ከመሞከር ካርቶን ይዞ መዞር ይሻላል፣ ሜትርም ብቻውን አይበቃም፣ ሜትር ቀዳዳው ይበቃል ይላችኋል እንጂ ባትሪው በየት በኩል ዞሮ እንደሚገባ አይነግራችሁም።

መጀመሪያ ኮፈን ስር ሞከርነው፣ ያው ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው፣ ለዋናው ባትሪም ለዲናሞውም ቅርብ ነው፣ ገመዱ ያጥራል። ካርቶኑ ገባ። ግን የአየር ፊልትሮውን ክዳን ለመክፈት ባትሪው በየጊዜው መውጣት አለበት፣ ቆላ አቧራ ላይ የምትሰራ መኪና ደግሞ ፊልትሮዋ በየሳምንቱ ነው የሚራገፈው። ቀጥሎ ኮፈኑን ፈተንነው። ከጎናችን ካለችው እንጀራ ቤት ጠንከር ያለ ሊጥ ለምነን ተርሚናሎቹ ቦታ ላይ ቁልል አድርገን ኮፈኑን ዘግተን ከፈትነው፣ ሊጡ ተጨፍልቆ 11 ሚሊ ቀረ። ቆማ እያለች ነው 11 ሚሊ፣ ኮሮኮንች ላይ ሞተሩም ኮፈኑም ሲወዛወዝ ያቺ ክፍተት ምን ያህል እንደምትቀር እግዜር ነው የሚያውቀው፣ ኮፈን ደግሞ ማሳ ነው፣ ማለትም ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘ ብረት፣ ፖዘቲቩ ከነካው እሳት ነው።

ከዚ ሁሉ በላይ ግን ሙቀቱ ነው ያስጨነቀኝ። እርሳስ ባትሪ ከ25 ዲግሪ በላይ በየ8 እና 10 ዲግሪው እድሜው በግማሽ ያጥራል ተብሎ ነው የሚታወቀው። ከባቲ ወደ ሚሌ ሲወረድ ውጪው ራሱ 40 ዲግሪ በሚሆንበት ቦታ፣ ሞተሩ ሰርቶ ሲቆም ኮፈን ስር ያለው አየር ምን እንደሚመስል እጃችሁን ከታችሁ ታውቁታላችሁ። ዋናው ባትሪ እዛው ነው አይደል ወይ ትሉኝ ይሆናል፣ አዎ እዛው ነው፣ ግን እሱ ሞተር አስነስቶ ወዲያው የሚሞላ ባትሪ ነው፣ ስራው አጭር ነው፣ የተሰራለት መደርደሪያም አለው። በየሌሊቱ የሚወርድና የሚሞላ ባትሪ ላይ ሙቀት ሲጨመርበት በጣም ቶሎ ነው የሚገድለው። ኮፈኑን ዘጋነው።

ሁለተኛ ከሆዷ ስር ገባን። አንዳንድ መኪና ሻንሲው ጎን ሰፊ ቦታ አለው፣ የጭነት መኪና ባትሪው ሁሉ እዛ አይደል የሚታሰረው። ይቺ ግን ሁለት ሰልባትዮ፣ ሁለት የናፍጣ ታንከር ያላት ናት፣ ቦታው ተይዟል፣ የቀረው ከማርሚታው፣ ከጭስ ማውጫው አጠገብ ነው። ቦታ ቢኖርም አልፈልገውም ነበር፣ ክረምት ላይ ወንዝ ትሻገራለች፣ ድንጋይ ይመታዋል፣ ማታ ደግሞ ፈትቶ የሚወስደው አይጠፋም። ይሄን በአምስት ደቂቃ ጨረስነው።

ሶስተኛው የኋላ በር ጥግ ነው፣ ፍሪጁ ጎን። ዶክተሯ እሱን ነበር የፈለገችው፣ ለፍሪጁ ቅርብ ነው፣ ይታያል። ካርቶኑም ዘና ብሎ ገባ። ነገር ግን ከኋላ አክስል ወዲያ ያለ ቦታ የመኪናው ሁሉ ነውጥ የሚያርፍበት ነው፣ ኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ይንገራችሁ፣ ከዛ ደግሞ የመድሃኒት ሳጥን የሚወጣ የሚገባበት መንገድ ነው፣ አንድ ቀን የብረት መቆንጠጫ ተርሚናሉ ላይ ቢወድቅስ። ገመዱም አንድ ሜትር ተኩል ይጨምራል። ዶክተሯን ትንሽ አከራከረን፣ በመጨረሻ «እሺ እስቲ ሌላ ቦታ ካገኘህ» ብላ ሄደች።

አራተኛው ላይ ነው የቆየነው። ሃርድቶፕ ከኋላ ያሉት ወንበሮች ፊት ለፊት የሚተያዩ አግዳሚ ናቸው። በአንዱ በኩል ከጎማው ጉብታ ፊት፣ በጉብታውና በወንበሩ የፊት እግር መሀል፣ 38 ሳንቲ ርዝመት አለ፣ ከወለል እስከ ወንበሩ ስር 27 ሳንቲ። ማርሚታው የሚያልፍበትን ጎን ትተን ነው ይሄን የመረጥነው። ሁለቱ አክስሎች መሀል ስለሆነ ነውጡ ይቀንሳል፣ ጥላ ነው፣ ካቢን ውስጥ ስለሆነ በር ይቆለፍበታል፣ ወንበሩን ብድግ ስታደርጉት ደግሞ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። እኔ ደስ ብሎኝ ካርቶኑን አስገብቼ ጨረስን አልኩ።

ጋሼ ዝም ብለው ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ የቮልስን ነገር አትርሳ» አሉኝ።

ቮልስ ማለት ቮልስዋገን ናት፣ ያገራችን ሰው ሁሉ ያውቃታል፣ ባትሪዋ ከኋላ ወንበር ስር ነው ያለው። እሳቸው በወጣትነታቸው ነድተዋታል። ወንበሩ ከስር የሽቦ ስፕሪንግ ነው፣ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ስፕሪንጉ ይወርድና ተርሚናሉን ይነካል፣ የባትሪው ክዳን ከጠፋ ወይ ከተረሳ ወንበሩ ይቃጠላል፣ በዚ ምክንያት የተቃጠሉ ቮልሶች አሉ። የኛም ወንበር ከስር ሲታይ ሽቦ ስፕሪንግ ነው። እኔ 27 ሳንቲ ብዬ የለካሁት ባዶውን ነው፣ ሰው ሲቀመጥበት አልለካሁትም። ሊጡን እንደገና አመጣነው፣ ካርቶኑ ላይ ቆልለን ከጋራዡ ሰራተኛ ሁሉ ገዘፍ ያለውን አስቀመጥንና ሁለቴ ዘለል በል አልነው። ስናነሳው ሊጡ ላይ የስፕሪንጉ ቀለበት ቁልጭ ብሎ ታትሟል፣ ከ5 ሳንቲው የቀረው 16 ሚሊ ነው። እዛች ጋር ቀዝቃዛ ላብ ነው ያላበኝ። ያቺን ነገር ጋሼ ባይናገሩ ኖሮ አምስት ሰው ጭና ኮሮኮንች ላይ ስትዘል ስፕሪንጉ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን አገናኝቶ፣ በሩ ከኋላ በሆነ መኪና ውስጥ…

ቦታውን ግን አልቀየርንም፣ ሳጥኑን ነው የቀየርነው። ሀሳቡ ወንበሩ ባትሪው ላይ በፍጹም እንዳያርፍ ነው። ከ40 በ40 ሚሊ አንጎላሬ፣ ማለትም በኤል ቅርጽ ከታጠፈ ብረት፣ ውፍረቱ 3 ሚሊ፣ አራት እግር ያለው ፍሬም ሰራን፣ እግሮቹ ከባትሪው ተርሚናል 2 ሳንቲ ከፍ ይላሉ፣ ስለዚ ወንበሩ ቢወርድ የሚያርፈው ብረቱ ላይ ነው። ክዳኑን ከላሜራ ልሰራው ነበር፣ ተውኩት፣ ተርሚናል አጠገብ ተጨማሪ ብረት ምን ያደርግልኛል፣ 12 ሚሊ ኮምፔንሳቶ ቆርጠን ከላይ የጭነት መኪና ካላማዳሪ ለብጠንበት በአራት ቪቴ አሰርነው። ተርሚናሎቹ ራሳቸው ደግሞ የጎማ ኮፍያ አላቸው። ሁለት መከላከያ መሆኑ ነው፣ አንዱ ቢረሳ አንዱ አለ።

ወለሉ ላይ የታሰረበትን መንገድ ላብራራው ምክንያቱም የመጀመሪያው ስራ የከሸፈው እዚ ላይ ነው። 30 ኪሎ እቃ መንገድ ላይ ሲዘል 30 ኪሎ አይደለም፣ ሶስት እጥፍ ቢሆን 90 ነው፣ ግጭት ቢመጣና ሀያ እጥፍ ቢሆን 600 ኪሎ ነው፣ ያ ደግሞ ካቢን ውስጥ ከሰው ጋር ነው። ስለዚ ላሜራ ላይ መበየድ የለም። ከመኪናው ስር ገብተን መጀመሪያ የናፍጣ ቱቦና የፍሬን ቱቦ የሚያልፍበትን በኖራ ምልክት አደረግን፣ ከዛ አራት ቀዳዳ በስተን 10 ቁጥር ብሎን ከላይ ወደ ታች አስገብተን ከስር በሮንዴላ ፋንታ የመዳፍ ስፋት ያለው 4 ሚሊ ጠፍጣፋ ብረት አደረግንበት፣ ሁለቱ የወለሉን አጥንት ይዘዋል። ዳዶዎቹ ባለ ናይለን ናቸው፣ በነውጥ አይላሉም። ቀዳዳዎቹ ጠርዝ በዝገት መከላከያ ቀለም ተቀባ። ባትሪው ራሱ ከላይ በብረት ድልድይና በሁለት ረጅም ብሎን ተጨምቋል፣ ከስር የጎማ ምንጣፍ አለው። ስንጨርስ ሁለት ሰው ሳጥኑን ይዞ ነቀነቀው፣ መኪናዋ ተነቃነቀች እንጂ ሳጥኑ ንቅንቅ አላለም።

ኤጂኤም ባትሪ ዝግ ነው ቢባልም ከመጠን በላይ ከተሞላ በሴፍቲ ቫልቩ ሃይድሮጅን ይለቃል፣ ሃይድሮጅን አየር ውስጥ 4 ፐርሰንት ሲደርስ ሊቀጣጠል ይችላል። ሰው ካቢን ውስጥ ስላለ ከሳጥኑ የላይኛው ጥግ ቀጭን ቱቦ አውጥተን በወለሉ ወደ ውጪ አሳለፍነው። ሃይድሮጅን ቀላል ስለሆነ መውጫው ከሳጥኑ ላይኛው ክፍል መጀመር አለበት፣ ከታች ከጀመረ ጥቅም የለውም።

ወደ ገመዱ ስመጣ፣ ዶክተሯ በጣም የገረማት ይሄ ነው፣ ከባትሪው ቀጥሎ ብር የበላው ገመድ ነው። ከዋናው ባትሪ እስከ ወንበሩ ስር 4.5 ሜትር ነው፣ ኔጋቲቩንም በሻንሲ ሳይሆን በራሱ ገመድ መለስነው፣ ሲደመር 9 ሜትር። መዳብ በሜትር በካሬ ሚሊ 0.0175 ኦም ነው። በድሮው በ6 ካሬ ሚሊ ገመድ 20 አምፔር ቢሄድ ከግማሽ ቮልት በላይ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ዲናሞው 14.1 ቢሰጥ ባትሪው ጋ የሚደርሰው 13.6 አካባቢ ነው፣ በዛ ቮልት እርሳስ ባትሪ በአንድ ቀን መንገድ መቼም አይሞላም፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጎደለ ሄዶ ባትሪው የማይረባ ነበር ተብሎ ይጣላል። በ25 ካሬ ሚሊ ግን የሚቀረው 0.13 ቮልት ብቻ ነው። 25 ካሬ ሚሊ የመኪና ገመድ ኮምቦልቻ አጣሁ፣ የብየዳ ማሽን ገመድ ግን አለ፣ መዳቡ ያው ነው፣ እንዲያውም ክሩ ቀጫጭን ስለሆነ በደንብ ይታጠፋል። ልባሱ ግን ለዘይትና ለፍግፊያ እንደ መኪና ገመድ ስላልሆነ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሽብሽብ ያለ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አስገባነው፣ ከሞተር ወደ ካቢን በሚያልፍበት ላሜራ ላይ ደግሞ የጎማ ቀለበት አለው።

ፊውዝ ሁለት ነው፣ 100 አምፔር ከዋናው ባትሪ አንድ ስንዝር ላይ፣ ሌላ 100 አምፔር ከሁለተኛው ባትሪ አንድ ስንዝር ላይ። አንዱ አይበቃም ወይ ብለው ብዙ ሰው ይጠይቁኛል። አይበቃም፣ ገመዱ መሀል ላይ ተልጦ ሻንሲውን ቢነካ ከሁለቱም ጫፍ ባትሪ አለ፣ አንዱ ጫፍ ቢቆረጥ ሌላኛው ማቃጠሉን ይቀጥላል።

ሁለቱን ባትሪ የሚያገናኘውና የሚለየው ሪሌ ከአዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው ያስመጣነው፣ ቮልት እያየ የሚሰራ፣ ሞተር ተነስቶ ቮልቱ 13.3 ሲደርስ ያገናኛል፣ ሞተር ጠፍቶ 12.8 ሲወርድ ይለያል። ሹፌሩ የሚነካው ነገር የለም፣ ማታ ፍሪጁ ሁለተኛውን ብቻ ነው የሚጠጣው። አንድ ልጅ የጭነት መኪና ሞተሪኖ ሪሌ እንጠቀም ብሎኝ ነበር፣ ርካሽ ነው፣ ግን እሱ ለጥቂት ሰኮንድ የተሰራ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኮረንቲ ላይ ከዋለ ውስጡ ያለው የሽቦ ጥቅል ይቃጠላል።

ሰራን፣ ፈተንን፣ ሸኘን። ከአምስት ቀን በኋላ ጋሼ ከባቲ ሲመለሱ ቀጥታ ጋራዥ መጡ። «ኧረ እንዲያው መንገዱን ሙሉ ጢክ ጢክ ጢክ ሲል ነው የመጣው፣ ሰአት የተሸከምኩ ነው የመሰለኝ» አሉ። ሪሌው ነው። ይገናኛል፣ ይለያል፣ ይገናኛል። መጀመሪያ ዲናሞው ደክሞ ነው አልኩ፣ ለካሁት 14.1፣ ደህና ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው ባትሪ በጣም ወርዶ ብዙ ስለሚስብ ዋናውን እየጎተተው ነው ብዬ ቻርጅ አድርገን ሞከርነው፣ አሁንም ጢክ ጢክ። ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ። በመጨረሻ መልቲሜትሩን በሪሌው ማሳና በባትሪው ኔጋቲቭ መሀል ሳደርገው 0.9 ቮልት አሳየኝ፣ ዜሮ አካባቢ መሆን ሲገባው። የሪሌውን ማሳ ያሰርኩት በያጁ አሳምሮ ቀለም በቀባው አንጎላሬ ላይ ነው፣ ብረቱን አልፋቅሁትም። ሪሌው 13.4 አይቶ ሲገናኝ ጥቅሉ ኮረንቲ ይስባል፣ በቀለሙ በኩል ማለፍ ስለሚከብደው ሪሌው ራሱ የሚያየው ቮልት ወደ 12.5 ይወርዳል፣ ወረደ ብሎ ይለያል፣ ሲለይ ቮልቱ ይመለሳል፣ ድጋሚ ይገናኛል። ስህተቱ የኔ ነው። ማሳውን በቀጥታ ወደ ኔጋቲቩ ገመድ ወሰድኩት፣ ጸጥ አለ። ለዚ ስራ ገንዘብ አልተቀበልኩም፣ የባቲውን መንገድ ናፍጣ ሸፈንኩላቸው።

ከዛ በኋላ ሞተር ተነስቶ ዋናው ባትሪ ላይ 14.1፣ ሁለተኛው ላይ 20 አምፔር እየሞላ 13.9። ከ500 ኪሎሜትር በኋላ ብሎኖቹን ስንፈትሽ ከስር ያሉት እንደነበሩ ናቸው፣ ከላይ ባትሪውን የሚጨምቁት ሁለቱ ግን ሩብ ዙር ያህል ላልተው ነበር፣ ጎማው ምንጣፍ ስለተጨመቀ ነው፣ ከዛ ወዲህ አልላሉም። ክረምቱን ሙሉ ሰርታበት ጥቅምት ላይ ተመልሳ መጣች። ሌሊቱን አሳርፈን ጠዋት ስንለካው 12.7 ቮልት፣ ሙሉ ማለት ነው። ክዳኑ ላይ ያለው ካላማዳሪ ላይ የፍሬሙ ጠርዝ ትንሽ ስለቆረጠው ቀየርነው። የተሰነጠቀው ፓራፋንጎም ዋናው ባትሪና ዲናሞው ተፈትተው ተበየደ።

አንድ ያልተፈታ ነገር አለ። ዶክተሯ አሁንም ደጋ ላይ አንዳንዴ ሁለትና ሶስት ቀን አንድ ቦታ ትቆማለች፣ ሂሳቡ ደግሞ ለአንድ ሌሊትና ለትንሽ ተጨማሪ ሰአት ነው የተሰራው። አሁን የምታደርገው በቀን አንዴ ሞተሩን ለአንድ ሰአት ማስነሳት ነው፣ ናፍጣ ይበላል። ጣሪያው ላይ 100 ዋት ሶላር እናድርግ ተባብለናል፣ ቦታው ተለክቷል፣ ገመዱ የሚወርድበት ቀዳዳም በኋላው በር ማጠፊያ ጥግ በኩል እንደሚሆን ተስማምተናል፣ ፓነሉ ሲመጣ ይገባል። ጋሼ ግን ከየካቲት ወዲህ ፍሪጁን አጥፍተው አያውቁም።